ምዕራፍ ሰባት፦ ቅርንጫፍ የነካው ኳስ

ደብረ ብርሃን ውስጥ አንድ የትምህርት ቤት ሜዳ እናስብ። ወለሉ ሲሚንቶ ነው። ዳሩን ይዞ የተተከለው ባህር ዛፍ ከዓመት ዓመት እያደገ ቅርንጫፉን ወደ መጫወቻው ዘርግቷል። ከማዕዘን የተወረወረ ኳስ ቅጠሉን ነክቶ አቅጣጫውን ይስትና እንደ ተአምር ቀለበቱ ውስጥ ይገባል። ያስቆጠሩት ይጨፍራሉ። የተቆጠረባቸው «ዛፍ ነክቷል፣ ይደገም!» ብለው ይጮኻሉ። ዳኛው ፊሽካውን ነፍቶ የሚሰጠው ውሳኔ ግን ሁለቱንም ወገን ቅር ያሰኛል፤ ግቡ አይቆጠርም፣ ውርወራውም አይደገምም፣ ኳሱ ለተከላካዩ ቡድን ይሰጣል።

ይህን ዳኛው ከራሱ አላመጣውም። የዓለም አቀፉ የቅርጫት ኳስ ፌዴሬሽን፣ ማለትም የፊባ ሕግ፣ ኳስ ከሜዳ ወጣ የሚለው መስመሩ ላይ ወይም ከመስመሩ ውጭ መሬት ሲነካ ብቻ አይደለም። የሰሌዳውን ምሰሶ፣ የሰሌዳውን ጀርባ፣ ወይም ከሜዳው በላይ ያለ ማንኛውንም ነገር ከነካም ወጥቷል። ቅርንጫፍ ከሜዳው በላይ ያለ ነገር ነው፤ የመብራት ሽቦም እንዲሁ። ኳሱ ቅጠሉን በነካበት ቅጽበት ወጥቷል፤ ከዚያ በኋላ ቀለበት ውስጥ መግባቱ ለውጤቱ ምንም ማለት አይደለም። ዛፉ ከመነካቱ በፊት ኳሱን የነካው የወርዋሪው እጅ ስለሆነ ኳሱ ለተጋጣሚው ይሆናል።

ጣሪያው ከፍ ባለ ዘመናዊ አዳራሽ ውስጥ የሚዳኝ ሰው ይህን አንቀጽ ሳይጠቀምበት ዓመታት ሊያሳልፍ ይችላል። ደብረ ብርሃን ላይ፣ 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ነፋስና ብርድ ባለበት ገላጣ ሜዳ ለሚዳኝ ሰው ግን የዕለት እንጀራው ነው። የሕግ መጽሐፉ እንግዳ የሚመስሉ አንቀጾች በብዛት የሚያስፈልጉት በትልልቆቹ አዳራሾች ሳይሆን እንዲህ ባሉ ሜዳዎች ነው የምለው ለዚህ ነው። ዳኞቻችን የተለመደውን ፋውልና ሩጫ በደንብ ያውቃሉ። ጨዋታ የሚበላሸው፣ ጠብም የሚነሳው፣ ያልተለመደው ነገር መጥቶ ዳኛው ሲደናገጥ ነው።

ልምድ ያለው ዳኛ እንዲህ ያለ ነገር ሲገጥመው መጀመሪያ የሚያደርገው ፊሽካውን ነፍቶ ዝም ማለት ነው። አይከራከርም፣ እጁንም አያወናጭፍም። በልቡ አንድ በአንድ ይጠይቃል፦ ኳሱ በጨዋታ ላይ ነበር ወይስ ቆሞ ነበር? በማን እጅ ነበር? ሰዓቱ እየሄደ ነበር? የመጨረሻው ሕጋዊ ድርጊት የቱ ነው? እነዚህ አራቱ ከተመለሱ ብዙውን ጊዜ ውሳኔው ራሱ ይመጣል። «ማን ተበደለ?» ብሎ የሚጀምር ዳኛ ግን ከጩኸቱ መሃል የመውጫ በር አያገኝም፤ ሁለቱም ተበድለናል ይሉታልና።

ለምሳሌ ጨዋታው በተፋፋመበት ውሻ ሜዳ ገባ እንበል። ስለ ውሻ የሚናገር አንቀጽ የለም። ዳኛው ተጫዋች እንዳይወድቅ ጨዋታውን ያስቆማል፤ የቆመበት ምክንያት ከሁለቱም ቡድን ጋር የማይገናኝ ስለሆነ ኳሱን ይዞ ለነበረው ቡድን ይመልሳል። እዚህ ላይ የሚያሳስተው አንድ ነገር አለ። ፊሽካው የተነፋው ኳሱ ለግብ ተወርውሮ በአየር ላይ ሳለ ከሆነ ጨዋታው በዚያ ቅጽበት አልቆመም፤ ኳሱ ከገባ ይቆጠራል። ወርዋሪው ሥራውን ጨርሷል፤ ውሻው የሠራው ጥፋት በእሱ ላይ አይታሰብም።

ኳሱ ራሱን ዳኛውን ቢመታስ? ዳኛው እንደ ወለል ይታያል። የቆመው በሜዳው ውስጥ ከሆነ ኳሱ በዚያ ቦታ መሬት እንደነካ ተቆጥሮ ጨዋታው ይቀጥላል፤ የቆመው መስመር ላይ ወይም ከመስመር ውጭ ከሆነ ግን ኳሱ ወጥቷል። ኳስ በቀለበቱና በሰሌዳው መካከል ተሰክቶ ቢቀርስ? ይህ ደግሞ የማንም አይደለም። ጃምፕ ቦል ይባልና በመዝጋቢዎቹ ጠረጴዛ ላይ ያለው ተራ አመልካች ቀስት ወደሚያመለክተው ወገን ይሄዳል። ከሁለት ቅጣት ምቶች በመጀመሪያው ላይ ከተሰካ ግን እንደ ሳተ ተቆጥሮ ሁለተኛው ይመታል፤ ቀስቱንም የሚነካው የለም። ሁለት ዳኞች ኳሱ በማን ተነክቶ እንደወጣ ሳይስማሙ ሲቀሩም መንገዱ ያው ቀስቱ ነው። ይህ የመጨረሻው ድንጋጌ በጣም ደስ ይለኛል፤ ዳኛ የሌላውን ዳኛ ውሳኔ የመሻር ሥልጣን የለውም፤ ሕጉ ግን ሁለቱም በቅንነት ሊለያዩ እንደሚችሉ አስቀድሞ አምኖ መውጫ አበጅቶላቸዋል።

እነዚህ ድንጋጌዎች ሁሉ አንድ ቀን አንድ ቦታ አንድ ነገር ስለሆነ የተጻፉ ናቸው። ጄምስ ኔይስሚዝ በታኅሣሥ 1891 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ስፕሪንግፊልድ ውስጥ፣ በወንዶች ወጣቶች ክርስቲያናዊ ማኅበር ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት፣ ጨዋታውን ሲፈጥር የጻፈው 13 ሕግ ብቻ ነበር። ያ ማኅበር አዲስ አበባ ላይ ወወክማ ብለን የምናውቀው ነው፤ አራት ኪሎ ያለው ሜዳው ስንት ቅርጫት ኳስ ተጫዋች አፍርቷል። የመጀመሪያው ቅርጫት የኮክ ፍሬ መያዣ ነበር፤ የተቸነከረው በአዳራሹ የሰገነት መከታ ላይ ነው፤ መከታው ከወለሉ 10 ጫማ ይርቅ ስለነበር ቀለበት እስከዛሬ 3.05 ሜትር ላይ ይሰቀላል። ዘጠኝ ለዘጠኝ ሆነው ተጫውተው የተቆጠረው አንድ ግብ ብቻ ነው። ብዙም ሳይቆይ ሰገነት ላይ የቆሙ ተመልካቾች እጃቸውን እየሰደዱ የሚደግፉትን ቡድን ኳስ ማስገባት፣ የሌላውን መመለስ ጀመሩ። ሰሌዳው የተፈለሰፈው ለዚህ ነው። ዛሬ ተጫዋች አንጥሮ የሚያገባበት ሰሌዳ ሲጀመር ተመልካችን የሚከለክል ግድግዳ ነበር።

በሸዋ ሜዳ ላይ የገና ጨዋታ ሲጫወቱ የሜዳው ወሰንና የተሰላፊው ቁጥር የዕለቱ ተጋጣሚዎች እዚያው የሚስማሙበት ጉዳይ ነው፤ ወንዙ ወይም ዛፉ ወሰን ሊሆን ይችላል። ቅርጫት ኳስ የሄደው በተቃራኒው መንገድ ነው። ኢትዮጵያ በ1962 እ.ኤ.አ. ካይሮ ላይ በተካሄደው የመጀመሪያው የአፍሪካ ቅርጫት ኳስ ሻምፒዮና ከተሳተፉት አምስት አገሮች አንዷ ስትሆን፣ የእኛ ልጆች ከግብፅና ከሱዳን፣ ከሞሮኮና ከጊኒ ጋር ሜዳ ላይ ስለ ሕግ መስማማት አላስፈለጋቸውም። ሕጉ ቀድሟቸው ተጽፎ ነበር። የኔይስሚዝ 13 ሕጎች ዛሬ 50 አንቀጾች ሆነዋል፤ ማብራሪያው ደግሞ ለብቻው ሌላ መጽሐፍ ነው።

በዚያው በ1962 እ.ኤ.አ. ጥር ወር የሆነ ነገር አንድ አንቀጽ አስጽፏል። ሪያል ማድሪድ በአውሮፓ ዋንጫ ጣሊያን ሄዶ ከኢግኒስ ቫሬሴ ጋር ይጫወታል። ውድድሩ በደርሶ መልስ ድምር ነው። ሰከንዶች ሲቀሩ 80 ለ 80 ሆኑ። የማድሪድ ምርጥ ተጫዋቾች ሜዳ ላይ የሉም፤ ወደ ተጨማሪ ሰዓት ቢገቡ በሰፊ ልዩነት ሊሸነፉ ይችላሉ። አሠልጣኙ ፔድሮ ፌራንዲዝ ሎሬንሶ አሎሴን የተባለውን ተጫዋች በገዛ ቅርጫቱ እንዲያስቆጥር አዘዘው፤ አስቆጠረም። ማድሪድ 82 ለ 80 ተሸነፈ፤ በመልሱ ጨዋታ አገሩ ላይ 83 ለ 62 አሸንፎ አለፈ። የዚያን ዕለት ዳኞች ሊያደርጉ የሚችሉት ነገር አልነበረም። የሚከለክል ሕግ አልነበረማ!

ዛሬ አለ። ተጫዋች ሆን ብሎ በራሱ ቅርጫት ቢያስቆጥር ጥሰት ነው፣ ግቡም አይቆጠርም። ሳያስበው ካስገባ ግን ሁለት ነጥብ ለተጋጣሚው ይመዘገባል፤ መዝገቡ ላይም ሜዳ ላይ ያለው የተጋጣሚው አምበል እንዳስቆጠረው ተደርጎ ይጻፋል። እንግዲህ ዳኛው የተጫዋቹን ሐሳብ ማንበብ ሊኖርበት ነው። የሰባተኛ ክፍል ልጅ ከእረፍት በኋላ ቅርጫት መቀየሩን ረስቶ በራሱ ላይ ቢያገባ ማንም ሆን ብሎ ነው አይልም። ሁለቱም ቡድኖች ተሳስተው በተገላቢጦሽ አቅጣጫ ሲጫወቱ ቢገኙስ? ስሕተቱ እንደታወቀ ይታረማል፤ እስከዚያ የተቆጠረው ነጥብ፣ የተመዘገበው ፋውል፣ ያለፈው ሰዓት ሁሉ ይጸናል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ «ከመጀመሪያው ይጀመር» ይላል። ሕጉ ግን ወደ ኋላ መመለስን አጥብቆ ይሸሻል፤ ለምን እንደሚሸሽ ቆይቼ እመለስበታለሁ።

ስለ ተጫዋች ቁጥር ያለው ድንጋጌ በትንንሽ ከተማ ውድድር ላይ ብዙ ክርክር የሚያስነሳ ነው። ከአንኮበር የሚመጣ ቡድን ወደ ደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል፤ መንገዱ የተራራ አፋፍ ነው፣ ጉም ይወርድበታል። ጨዋታው ከተያዘለት ሰዓት 15 ደቂቃ አልፎ ቡድኑ አምስት የተዘጋጁ ተጫዋቾች ማሰለፍ ካልቻለ ፎርፌ ነው፤ ውጤቱ 20 ለ 0 ይሆናል፣ የደረጃ ነጥብም አያገኝም። አራት ሰው ይዞ መጀመር አይቻልም። ከጀመረ በኋላ ግን ነገሩ ይለወጣል። አንድ ተጫዋች ቢጎዳ፣ ሁለቱ አምስት አምስት ፋውል ሞልቶባቸው ቢወጡ፣ ተቀያሪ ባይኖርም ቡድኑ በአራት፣ በሦስት፣ በሁለትም ሰው ይጫወታል። የሚቆመው አንድ ሰው ብቻ ሲቀር ነው። ሁለት የሆነበት ምክንያት ግልጽ ነው፤ ኳስ ከመስመር ውጭ ሆኖ የሚያስገባው ሰው ሌላ ሰው ሳይነካው ራሱ መልሶ መንካት አይችልም፤ ብቻውን የቀረ ተጫዋች ጨዋታውን ማስጀመር እንኳ አይቻለውም ማለት ነው። በዚህ ዓይነት የተቋረጠ ጨዋታ ፎርፌ አይባልም። የተጋጣሚው ቡድን እየመራ ከነበረ በሰሌዳው ላይ ያለው ውጤት ይጸናል፤ እየመራ ካልነበረ 2 ለ 0 ተብሎ ይመዘገብለታል፤ ሰው ያለቀበት ቡድን ግን እስከመጨረሻው ታግሏልና አንድ የደረጃ ነጥብ ያገኛል። ሁለት ሆነው የሚታገሉ ልጆችን «በቃችሁ፣ ውጡ» ብሎ ጨዋታ የሚዘጋ ዳኛ የነሱንም የተመልካቹንም መብት ይነጥቃል።

ወደ አየሩ እንምጣ። ነፋስ ኳስን ቢያስትስ? ነፋስ አካል የለውምና የሚነካ ነገር ተብሎ አይታሰብም፤ ጨዋታው ይቀጥላል። ፍትሑ የሚመጣው በሌላ መንገድ ነው፤ በሁለተኛው አጋማሽ ቡድኖቹ ቅርጫት ስለሚቀያየሩ ነፋሱ አቅጣጫውን ካልቀየረ ሁለቱንም ያገኛቸዋል። ብርዱ ግን ዳኛው አስቀድሞ ሊያስብበት የሚገባ ነገር ነው። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሞቅ ካለ ቢሮ የወጣ ኳስ ቀዝቃዛው ሜዳ ላይ ሲቆይ በውስጡ ያለው አየር ይሰበሰባል፣ ግፊቱ ይቀንሳል፣ ሲያነጥሩትም ይለግማል። ኳሱን መርምሮ የመፍቀድ ኃላፊነት የዋናው ዳኛ ነው፤ ስለዚህ መመርመር ያለበት ቢሮ ውስጥ አይደለም፣ ሜዳ ላይ ትንሽ ካቆየው በኋላ ነው።

ጉም ሌላ ነው። አንኮበር ላይ ከቆላው የሚነሳ ጉም አፋፉን ይዞ ሲወጣ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ሰው ከሰው ይጋረዳል። ሜዳው 28 ሜትር ርዝመት አለው። ዳኛው ከአንዱ ጫፍ ቆሞ የሌላውን ጫፍ ቀለበት ማየት ካልቻለ እጅ በእጅ ሲመታም አያይም። ሕጉ ሁኔታው ሲያስገድድ ጨዋታን የማስቆም ሥልጣን ለዋናው ዳኛ ሰጥቷል። ያን ጊዜ ከምንም በፊት ውጤቱን፣ የቀረውን ሰዓት፣ የእያንዳንዱን ተጫዋች ፋውል፣ ኳሱ የማን እንደነበረና ቀስቱ ወዴት እንደሚያመለክት ማስጻፍ አለበት። ጉሙ ሲገለጥ ወይም በማግስቱ አዘጋጆቹ ይቀጥል ሲሉ የሚቀጥለው ከዚያ ነው።

አሁን ወደ ከበደው ጉዳይ ልግባ። የፊባ ሕግ ዳኞች ሌላውን ተጫዋች ሊጎዳ የሚችል ነገር እንዳይፈቅዱ ያዛል፤ ጌጣጌጥ በስም ተጠቅሶ ተከልክሏል። ሐብል፣ ቀለበት፣ ጉትቻ ይወልቃል። ሰሜን ሸዋ ላይ ግን ከአምስቱ ተሰላፊ የበዙት አንገታቸው ላይ ማተብ ሊኖር ይችላል። መጽሐፉ ማተብን አያውቅም። ለብዙ ኦርቶዶክሳዊ ልጅ ማተብ ከክርስትናው ቀን ጀምሮ ያለ ነው፤ መበጠስ ማለት ሃይማኖትን መተው ማለት ነው። «ጌጥ ነው፣ አውልቅ» የሚል ዳኛ ትርጉሙን ስቷል። «የእምነት ነገር ነው፣ አልነካውም» ብሎ የሚያልፍም ሕጉ የተጻፈበትን ምክንያት ረስቷል፤ በዝላይ ላይ ጣት የገባበት ገመድ አንገት ሊያንቅ፣ የብረት መስቀል የሌላውን ዓይን ሊያገኝ ይችላል።

እኔ የማምንበት እንዲህ ነው። ጥያቄው አደጋ እንጂ እምነት አይደለም፤ ስለዚህ ውይይቱም ስለ አደጋው ይሁን። ብረት ወይም እንጨት መስቀል ካለበት ከክሩ ተፈትቶ ለአሠልጣኙ በአደራ ይሰጥ። ክሩ ብቻውን ስስ ከሆነ፣ ካልተንጠለጠለ፣ ከማሊያው ሥር ከገባ፣ ጌጥም አይደለም አደጋም አያመጣም፤ ዋናው ዳኛ በሕጉ ላይ በግልጽ ባልተጠቀሰ ማንኛውም ነገር የመወሰን ሥልጣን የተሰጠው እንዲህ ላለው ነው። ወፍራምና ረጅም ገመድ ከሆነ ግን ማሳጠር ግድ ነው። ይህ ሁሉ መነጋገር ያለበት ከጨዋታው በፊት፣ ሰውነት በሚያሟሙቁበት ሰዓት፣ ከአሠልጣኙ ጋር፣ በዝግታ ነው። በሦስተኛው ሩብ ተመልካች ፊት አንገቱን ተይዞ የተጠየቀ ልጅ ሕጉን አይሰማም፤ የሚሰማው ውርደቱን ነው። የተወሰነውም ለሁለቱም ቡድን እኩል መሆን አለበት።

የራስ መሸፈኛ ጉዳይ ደግሞ ሕጉ ራሱ የተለወጠበት ነው። በመስከረም 2014 እ.ኤ.አ. በኢንቾን የእስያ ጨዋታዎች የኳታር ሴቶች ቡድን ሂጃብ አውልቁ ሲባል አናወልቅም ብሎ ከሞንጎሊያ ጋር ሊያደርገው የነበረውን ጨዋታ በፎርፌ ተወ። የዕለቱ ዳኞች የተጻፈውን ፈጸሙ፤ ችግሩ ከተጻፈው ላይ ነበር። ፊባ ጉዳዩን ሲያጤን ቆይቶ በ2017 እ.ኤ.አ. ግንቦት ላይ ሕጉን ለወጠ፤ ከጥቅምት 1 ቀን 2017 እ.ኤ.አ. ጀምሮም ሥራ ላይ ዋለ። መሸፈኛው በቡድኑ ውስጥ አንድ ዓይነት ቀለም ይሁን፤ ፊትን አይሸፍን፤ በፊትና በአንገት ዙሪያ የሚከፈትና የሚዘጋ ነገር አይኑርበት፤ የሚንጠለጠል ጫፍም አይኑረው። ከአንኮበር ቁልቁል አልዩ አምባ ያለች ተማሪ ዛሬ ሂጃቧን አድርጋ የመጫወት መብቷ የዳኛ ችሮታ አይደለም፤ በአንቀጽ የተጻፈ ነው። የድሮውን ሕግ ተምሮ ያልታደሰ ዳኛ ግን ዛሬም ሊከለክላት ይችላል፤ ሕግ በሚወጣባቸው ዓመታት ሁሉ አዲሱን እትም ማንበብ ግዴታ የሚሆነው ለዚህ ነው።

ቅድም ወደ ቀጠርኩት ልመለስ፤ ሕጉ ወደ ኋላ መመለስን ለምን እንደሚሸሽ። ዳኛ ይሳሳታል። መጽሐፉም ይህን ስለሚያውቅ የሚታረሙ ስሕተቶች የሚል አንቀጽ አለው፤ 44ኛው ነው። የማይገባ ቅጣት ምት መስጠት፣ የሚገባውን መከልከል፣ ቅጣት ምቱን የማይመለከተው ተጫዋች እንዲመታ ማድረግ በዚህ ውስጥ ይገባሉ። ማረም የሚቻልበት ጊዜ ግን ተለክቷል። ስሕተቱ ተፈጽሞ ሰዓቱ ከሄደ በኋላ ኳሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ይቆማል፤ ከዚያ ተመልሶ ወደ ጨዋታ እስኪገባ ድረስ ብቻ ነው። ያ ቅጽበት ካለፈ በሩ ይዘጋል።

በምሳሌ እንየው። ፋውል የተሠራበት 7 ቁጥር ነው፤ ሁለቱን ቅጣት ምት የመታው ግን 9 ቁጥር ሆነ፣ ሁለቱንም አስገባ። ተጋጣሚው ኳሱን ከመስመር አስገብቶ ሮጦ ሄዶ አስቆጠረ። አሁን ኳሱ ቆሟል። የጠረጴዛው መዝጋቢ ደንግጦ ዳኛውን ጠራ። የ9 ቁጥር ቡድን ተጫዋች ኳሱን ከመስመር ለማስገባት ገና በእጁ ካላደረገ ጊዜው አላለፈም፤ ሁለቱ የቅጣት ምት ነጥቦች ይሰረዛሉ። የተጋጣሚው ግብ ግን ይጸናል፣ ያለፈው ሰዓትም አይመለስም፣ ጨዋታው ከቆመበት ይቀጥላል። መዝጋቢው ተጫዋቹ ኳሱን ከያዘ በኋላ ከተናገረስ? ሁሉም ይጸናል፤ የተሳሳተው ሁለት ነጥብም ጭምር። ከዚህ የሚለየው የአጻጻፍ ስሕተት ነው፤ የገባ ግብ ሳይመዘገብ ቢቀር ዋናው ዳኛ የውጤት መዝገቡን እስኪፈርምበት ድረስ ይታረማል።

ይህ ለሸዋ ሰው ጆሮ ሊከብድ ይችላል። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን የተበደለ ሰው ከአጥቢያው ዳኛ ተነስቶ ይግባኝ እያለ አንኮበር ቤተ መንግሥት ድረስ አቤት ይል ነበር፤ ፍርድ የሚያልቀው እውነቱ ተጣርቶ ሲያልቅ ነው የሚለው እምነት በእኛ ዘንድ ሥር የሰደደ ነው። በጨዋታ ላይ ግን እያንዳንዱ ድርጊት የሚቆመው በቀደመው ላይ ነው። ሁለት ነጥብ ሲመራ የነበረ ቡድን የሚጫወተው ሁለት ነጥብ እንደሚመራ አውቆ ነው፤ ከአስር ደቂቃ በኋላ «አልመራህም ነበር» ቢባል ያለፉት አስር ደቂቃዎች በሐሰት መሠረት ላይ የተጫወተባቸው ይሆናሉ። ስሕተትን ዘግይቶ ማረም አዲስ በደል ይፈጥራል። ሕጉ በዚህ ምክንያት አጭር ጊዜ ሰጥቶ ይዘጋል፤ እኔም ትክክል ነው እላለሁ።

ይህ ወሰን ሲጣስ ምን እንደሚመጣ ያሳየው ሙኒክ ነው። ኢትዮጵያዊ የ1972 እ.ኤ.አ. ኦሊምፒክን የሚያስታውሰው መስከረም 10 ቀን ማሞ ወልዴ በማራቶን ባመጣው ነሐስ ነው። በዚያው ዕለት ከእኩለ ሌሊት በኋላ፣ ማሞ ገና ሳይሮጥ፣ የአሜሪካና የሶቭየት ኅብረት የቅርጫት ኳስ ፍጻሜ አበቃ። ሦስት ሰከንድ ሲቀር የአሜሪካው ዳግ ኮሊንስ ሁለት ቅጣት ምት አስገብቶ 50 ለ 49 መሩ። ሁለተኛውን ሲመታ የጠረጴዛው ደወል ጮኾ ነበር። ሶቭየቶች ኳሱን አስገቡ፤ አንድ ሰከንድ ሲቀር ጨዋታው ቆመ፤ የእረፍት ጊዜ ጠይቀን ተከለከልን አሉ። የፊባ ዋና ጸሐፊ ዊልያም ጆንስ ከተመልካች መቀመጫው ወርዶ ሰዓቱ ወደ ሦስት ሰከንድ እንዲመለስ አዘዘ። ኳሱ እንደገና ሲገባ ሰዓቱ በትክክል አልተስተካከለም ነበር፤ ደወሉ ጮኸ፣ አሜሪካኖች ጨፈሩ። ለሦስተኛ ጊዜ ይደገም ተባለ። ኢቫን ኤዴሽኮ ከሜዳው ጫፍ እስከ ጫፍ ወረወረ፣ አሌክሳንደር ቤሎቭ አስቆጠረ፤ 51 ለ 50። ብራዚላዊው ዳኛ ሬናቶ ሪጌቶ የውጤት መዝገቡን አልፈርምም አለ። ይግባኝ ሰሚው ጉባኤ 3 ለ 2 በሆነ ድምፅ የአሜሪካንን አቤቱታ ውድቅ አደረገ፤ አሜሪካኖቹም የብር ሜዳሊያቸውን ሳይቀበሉ ቀሩ።

ብዙ ሰው የሚያነሳው ፖለቲካውን ነው። ለዳኝነት የሚጠቅመው ግን ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ከሜዳ ውጭ ያለ ባለሥልጣን ወርዶ ሲያዝ ዳኞቹ ሥልጣናቸው ተወሰደ፤ በትንሽ ከተማ ውድድርም የክብር እንግዳ ወይም የስፖርት ጽሕፈት ቤት ኃላፊ ተነስቶ ይህን ሊሞክር ይችላል፣ መልሱም በአክብሮት «ከጨዋታው በኋላ» መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ የጠቡ ሥር የተተከለው ጠረጴዛው ላይ ነው። በተሳሳተ ሰዓት የጮኸ ደወል፣ ያልታየ የእረፍት ጥያቄ፣ ያልተስተካከለ ሰዓት፤ ሦስቱም የጠረጴዛ ሥራ ናቸው።

ከጨዋታ በኋላ አቤት ማለት ተከልክሏል ማለት ግን አይደለም። በፊባ አሠራር የቡድኑ አምበል ጨዋታው ካለቀ 15 ደቂቃ ሳያልፍ ለዋናው ዳኛ ተቃውሞውን አስታውቆ መዝገቡ ላይ ይፈርማል፤ ምክንያቱ በአንድ ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይቀርባል። አሜሪካ የሙያተኞች ሊግ በሆነው ኤንቢኤ ውስጥ በታኅሣሥ 2007 እ.ኤ.አ. አትላንታ ላይ የማያሚው ሻኪል ኦኒል በተጨማሪው ሰዓት፣ በዚያ ሊግ ደንብ መውጫ የሆነው ስድስተኛ ፋውል ሞላህ ተብሎ ወጣ፤ ሲቆጠር አምስተኛው ነበር። የሳቱት ዳኞቹ አይደሉም፤ ፋውል የሚመዘግቡት ናቸው። ማያሚ አቤት አለ፤ ማኅበሩም አትላንታን 50 ሺህ ዶላር ቀጥቶ የመጨረሻው 51.9 ሰከንድ እንዲደገም ወሰነ። በመጋቢት 2008 እ.ኤ.አ. ተደገመ፤ ኦኒል ያን ጊዜ ወደ ሌላ ቡድን ሄዷል። አንድም ነጥብ አልተቆጠረም፣ አትላንታ 114 ለ 111 እንዳሸነፈ ቀረ።

ሚሊዮን ዶላር በሚንቀሳቀስበት ሊግ አምስትን ስድስት ብሎ የጻፈ እጅ ካለ፣ በእኛ የትምህርት ቤቶች ውድድር ላይ ጠረጴዛው የሚሰጠው በአጋጣሚ ለተገኘ ተማሪ መሆን የለበትም። ደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲም የመምህራን ኮሌጁም አላት፤ የሚማሩ ወጣቶች ሞልተዋል። ለዳኞች ሥልጠና ሲዘጋጅ ነጥብ መዝጋቢውና ሰዓት ያዡ አብረው ይቀመጡ። ቀስቱን መቼ እንደሚያዞሩ፣ የቡድን ፋውል ሲሞላ ምን እንደሚያሳዩ፣ ቅጣት ምት ከመመታቱ በፊት የመቺውን ቁጥር ከመዝገቡ ጋር እንዴት እንደሚያመሳክሩ፣ ስሕተት ሲያዩ ኳሱ እስኪቆም ጠብቀው ወዲያው ደወሉን እንዲመቱ ይማሩ። 9 ቁጥር በ7 ቁጥር ፈንታ መስመሩ ላይ ሲቆም ቀድሞ ማየት ያለበት መዝገቡን ፊቱ የዘረጋው ሰው ነው፤ ኳሱ ከመቺው እጅ ሳይወጣ ከተናገረ ያለ ምንም ቅጣት ትክክለኛው ልጅ መጥቶ ይመታል።